ትኩስ የዶሮ ኩስ ቲማቲም ላይ አትድፉ!

ኧረ ሰለቸኝ! በየቀኑ ያው ቪዲዮ፣ ያው ምክር፦ «የዶሮ ኩስ ቲማቲማችሁ ሥር አድርጉ፣ ለውጡን ታያላችሁ»። ምን ያህል እንደሚደረግ፣ ከመደረጉ በፊት ምን ያህል መቆየት እንዳለበት ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ከዚያ የቅጠሉ ጠርዝ የነደደ ችግኝ ፎቶ ይመጣል፦ «ይሄ ምን በሽታ ነው?» ከሥር ደግሞ መድኃኒት ርጩበት የሚል ይደረደራል። በሽታ አይደለም ወገኖቼ! ኩሱ አቃጥሎት ነው።

ዶሮ ሽንቷና ኩሷ አብሮ ነው የሚወጣው። ኩሱ ላይ የምታዩት ነጭ ነገር ዩሪክ አሲድ ነው። ረቂቅ ተሕዋስያን መጀመሪያ ወደ ዩሪያ፣ ቀጥሎ ወደ አሞኒያ ይቀይሩታል። የዶሮ ቤት ሲከፈት ዓይን የሚያስለቅሰው ያ ነው። ይህን ገና ባልጠነከረ ሥር ላይ ይደፉታል! ጨውም አለበት፤ ሲበዛ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተውና አፈሩ ርሶ እያለ ተክሉ ይጠወልጋል። ባለቤቱ ውሃ የጠማው መስሎት ያጠጣዋል፣ ያጠጣዋል። አንጀቴን የሚበላው ይሄ ነው፤ ሰውየው የሚችለውን ሁሉ እያደረገ ነው እኮ።

ከቃጠሎው የተረፈውም ተክል ኩሱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲበዛበት ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይንዠረገጋል፣ አበባና ፍሬው ግን ያንሳል።

የበለጠ የሚያናድደኝ ኩሱ ግሩም ማዳበሪያ መሆኑ ነው። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም አለው፤ የእንቁላል ጣይ ዶሮዎች ኩስ ካልሲየምም አለው። የሚፈልገው መብሰል ብቻ ነው። ከሰጋቱራ፣ ከጭድ ወይም ከደረቅ ቅጠል ጋር፣ ደረቁ በደንብ በልጦ፣ ይከመራል። በብዛት ከደረቁ የሚመጣው ካርቦን፣ በብዛት ከኩሱ ከሚመጣው ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። እርጥበቱ ተጠብቆ፣ ዝናብ እንዳያጥበው ተሸፍኖ፣ መሃሉ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እየጋለ፣ የዳሩ ወደ መሃል እየገባ ደጋግሞ ይገላበጣል። ከዚያም ቀዝቅዞ እስኪረጋ ወራት ይቆያል። የአፈር ሽታ ሲሸት ደርሷል፤ አሞኒያው አፍንጫ ከወጋ ገና ነው። የበሰለውም ቢሆን ችግኙ ከመተከሉ በፊት ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል እንጂ ግንዱ ላይ አይቆለልም።

ትኩሱን በባልዲ ዘፍዝፈው ቅጠልና ፍሬ ላይ የሚረጩትንማ ምን ልበል! ቲማቲም ጥሬውን የሚበላ ነገር ነው፤ ኩሱ ደግሞ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ምርት ደንብ እንኳ ያልበሰለ ፍግ አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ፣ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ከሆነ 120 ቀን፣ ካልነካ 90 ቀን ሳይሞላ ምርቱ አይሰብሰብ ይላል። እናንተ ሊለቀም የደረሰ ፍሬ ላይ ትረጫላችሁ!

ቪዲዮ የምትሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ክምሩን ስታገላብጡ፣ እንፋሎቱ ሲወጣ፣ ወራት ስትጠብቁ አሳዩን። እሱን ቆርጣችሁ እያስቀራችሁ ነው የሰው ችግኝ የሚነደው።