ባሕር ያልነካው ግንብ

ከውጭ የመጣ የሰፈር ልጅ ቡና ላይ ስልኩን ካወጣ፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መነጽሩን ይፈልጋል። ዘንድሮ እኛ ሰፈር፣ ጎንደር ቸቸላ ላይ የተመለከትነው ሠርግም ምርቃትም አይደለም፤ የባሕር ሽርሽር ነው። ልጁ ከጀርመን ተነሥቶ ቱርክ ወርዶ፣ ፈትሒዬ ከምትባል ከተማ በእንጨት መርከብ ተሳፍሮ፣ ከአንዱ የባሕር ወሽመጥ ወደ ሌላው ሲንፏቀቅ ሳምንት ከርሟል። መርከቧን ጉሌት ይሏታል። ድሮ ዓሣና የባሕር ስፖንጅ ይለቀምባት ነበር፤ አሁን ቱሪስት ይለቀምባታል።

«ሸራው የታለ?» አሉ የእድራችን ዳኛ ፎቶውን አጉልተው።

ልጁ አቀረቀረ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጉሌት ሁለት ምሰሶ ብታቆምም አብዛኛውን መንገድ የምትሄደው በሞተር ነው። ሸራው እንደ ሙሽራ ካባ ለፎቶ ወጥቶ ተመልሶ ይታጠፋል።

«ማታስ የት ታድራላችሁ?» ቡና የምታፈላው ጎረቤታችን ናት።

«እዚያው ውሃው ላይ። ክፍል አለ፤ ግን ስለሚሞቅ ብዙ ሰው ፍራሹን አውጥቶ ከላይ ይተኛል።»

«በገንዘብህ ደጅ አደርክ በለኛ!»

ከዚያ ፍርስራሹ መጣ። ኬኮቫ የሚባል ደሴት አለ፤ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የመሬት መንቀጥቀጥ ዳርቻውን አስምጦት፣ የቤቱ ደረጃ ወደ ባሕር ሲወርድ ይታያል። የሰመጠው ከተማ ላይ መዋኘት ክልክል ነው። ታዲያ ምን ትሠራላችሁ ቢባል፣ «ቀስ ብለን እያለፍን እናያለን» አለ። እኛ ሰፈር አንድ ሰው የፈረሰ ቤት ፊት ቆሞ ካየ «ሊገዛው ነው» ተብሎ በማግስቱ ዋጋው ይጨምራል።

ዳኛውን ያነቃቸው ግን መቃብሩ ነው። በዚያ ባሕር ዳርቻ ይኖሩ የነበሩት የጥንቶቹ የሊቅያ ሰዎች ሬሳቸውን የሚያሳርፉት ገደሉን እየፈለፈሉ፣ የቤት ደጃፍ አስመስለው ነበር። አንዳንዱ መቃብር ላይ ደግሞ «ያለ ፈቃድ ሌላ ሰው እዚህ የቀበረ ይህን ያህል ይቀጣል» የሚል ተጽፏል። ዳኛው ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ቅጣት? ድንጋይ ላይ? ይኼማ የእድር ደንብ ነው! ገቢው ለማን ነው?»

«አንዳንዱ ለከተማው ሕዝብ።»

«ገንዘብ ያዡ ማን ነበር? ሒሳቡስ ተመርምሯል?»

የሁለት ሺህ ዓመት ውዝፍ ሊያስከፍሉ ሲነሡ መሪጌታው ደረሱልን። ደምሬ የሚባለው ቦታ ፎቶ ሲመጣ ልጁ «ይቺ የድሮዋ ሚራ ናት፤ የቅዱስ ኒቆላዎስ አገር» አለ። መሪጌታው ቀና አሉ። ኒቆላዎስን ማን ያስተዋውቃቸዋል፤ ታኅሣሥ 10 በስንክሳር ይነበባል። ልጁ አላቆመም፤ በ1087 እ.ኤ.አ. ከኢጣሊያ፣ ከባሪ የመጡ መርከበኞች የጻድቁን ዐፅም ከመቃብሩ አውጥተው ይዘውት እንደሄዱ ነገራቸው።

«እነሱስ ባሕር ተሻግረው ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም» አሉ መሪጌታው። «አንተ ምን ይዘህ መጣህ?»

ካልሲ ነበር ያመጣላቸው።

እየሳቅን ነው የዋልነው። ሳቁ ውስጥ ግን ትንሽ ሌብነት አለበት። እኛ ከፍርስራሽ ጋር አጥር ተጋርተን የምንኖር ሰዎች ነን፤ የኢያሱን ግንብ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶት፣ የእንግሊዝ አውሮፕላን ደግሞ በቦምብ ጨምሮበት፣ ጣሪያ አልባ ሆኖ ከመሀል ከተማ ቆሟል። ሙሽራ ካላጀብን በቀር ፋሲል ግቢ የገባ ስንት ሰው አለ? ብንጠየቅ «እሱማ የትም አይሄድ» እንላለን፤ እውነትም አይሄድም። ባሕር ቢከበውና ትኬቱ በዩሮ ቢሆን ኖሮ እኛም ወረፋ እንይዝ ነበር። ባሕሩም ቢሆን አልጠፋም። በአዘዞ፣ በቆላ ድባ አድርጎ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢወርዱ ጎርጎራ ነው፤ ጣና አለ፣ ወሽመጥ አለ፣ የሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አለ፣ ደብረ ሲና ማርያም ከነሥዕሏ አለች። ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሳይቆረቁር የአባቱ ችሎት እዚያ ሐይቁ ዳር ነበር። ጀርመን ያለው ልጅ ይህን አያውቅም፤ እኛ እያወቅን አንሄድም። የትኛው እንደሚብስ እንጃ።

ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር፤ ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ሰፈሩ በሙሉ ጎርጎራ ወርዶ በጀልባ ይንሸራሸራል ተባለ። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ተመረጠ። በጉ ጀልባው ላይ ይታረድ ወይስ ዳር ላይ በሚለው ክርክር ቶናው ቀዘቀዘ። መሪጌታው የተመረጠው ቀን ጾም መሆኑን አስታወሱ፤ በጉ በሽሮ ተተካ። ዳኛው የቀረ ሰው የሚከፍለውን ቅጣት አጸደቁ፤ በዚያው ሞቅታ ድንጋይ ላይ ይቀረጽ ብለው ነበር፣ በወረቀት ይበቃል አልናቸው።

በረካው ሲቀዳ ቡና አፍዪዋ «ለመሆኑ ዋና የሚችል አለ?» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። በመጨረሻ አንድ ጎረምሳ እጁን አወጣ። የሚዋኘው በዓመት አንዴ፣ ጥር 11፣ የፋሲል መዋኛ ተባርኮ ሰው እላዩ ላይ ሲዘልበት ነው። በሙሉ ድምፅ የደኅንነት ኃላፊ ሆነ።