ከፎቶው የተቆረጠችው ወጣት

በጥር 2020 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ስዊዘርላንድ ውስጥ ዳቮስ ላይ አምስት ወጣት ሴቶች አብረው ፎቶ ተነሱ። ሁሉም የአየር ንብረት ተሟጋቾች ናቸው። አራቱ ነጮች ሲሆኑ ከእነሱ አንዷ ስዊድናዊቷ ግሬታ ቱንበርግ ናት። አምስተኛዋ ኡጋንዳዊቷ ቫኔሳ ናካቴ ከዳር ቆማለች። የዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስ ፎቶውን ሲያሰራጭ ግን ናካቴ የለችም። መጀመሪያ የተሰጠው ምክንያት ከኋላዋ ያለው ሕንፃ እይታውን ይረብሻል የሚል ነበር። ይቅርታው በኋላ መጣ። እሷም «ያጠፋችሁት ፎቶ ብቻ አይደለም፤ አህጉር ነው» አለች።

ያ ፎቶ ዛሬም ያንገበግበኛል። ነገሩ የቆየ ነዋ።

አካባቢ ጥበቃ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጫካና የዱር እንስሳ ነው። መርዙ የሚደፋው ግን ሰው ደጅ ላይ ነው። የማን ደጅ? የአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና ግዛት ፒሲቢ በሚባል መርዛማ ኬሚካል የተበከለ አፈር መቅበሪያ እንዲሆን ዋረን ካውንቲን መረጠ። አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር ነው፤ ኑሮውም ዝቅተኛ። ብዙዎቹ የሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ስለነበር መርዙ ወደ ውሃችን ይገባል ብለው ሰጉ። ፍርድ ቤት ሄዱ፤ አልሆነላቸውም። በ1982 አፈር የጫኑት መኪኖች መምጣት ሲጀምሩ መንገዱ ላይ ተኙ። ፖሊስ እያነሳ ወሰዳቸው። በጥቂት ሳምንታት ከ500 በላይ ሰው ታሰረ። አፈሩ ግን እዚያው ተቀበረ፤ ቦታው እስኪጸዳ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ።

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» እንላለን። እነዚህ ሰዎች ጮኸዋል። በ1987 የወጣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጥናትም የአደገኛ ቆሻሻ ቦታዎች የት እንደሚሆኑ ከገቢ ይልቅ ዘር አጉልቶ እንደሚያሳይ አረጋገጠ። በ1990 ደግሞ የጥቁሮች፣ የላቲኖዎችና የነባር ሕዝቦች ተሟጋቾች ለአሥሩ ትልልቅ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች ደብዳቤ ጻፉ፦ ሠራተኞቻችሁ ነጮች፣ አጀንዳችሁም የነጮች ነው የሚል።

በ1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ይህን በደል እንዲያዩ ትዕዛዝ ፈረሙ። በጥር 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሻሩት። እንግዲህ መንግሥት ፊቱን ሲያዞር ለእነዚህ ሰፈሮች ማን ሊቆም ነው? ትልልቆቹ ድርጅቶች ገንዘቡም ጠበቃውም አላቸው። ድርጅቶቹ ጥቁር ፊት ብሮሹር ላይ ከመለጠፍ አልፈው፣ መርዙ አጠገብ የሚኖረውን ሰው በጀቱ ሲወሰን ቦርዱ ውስጥ ያስቀምጡት። ለሚያጠፋው ጊዜም ይክፈሉት።

ቋንቋም አለ። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 በወጣ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ወሳኝ ሰነዶችን በአማርኛም ያወጣሉ። ከተማ ከቻለ ድርጅት ለምን ያቅተዋል? ቀን ታክሲ የሚነዳ አባት፣ ልጅ የያዘች እናት በሥራ ሰዓት የተጠራ የእንግሊዝኛ ስብሰባ ላይ አይገኙም። ስብሰባውን ማታ ማድረግ፣ አስተርጓሚ መቅጠር፣ ልጆቹን የሚይዝ ሰው ማዘጋጀት ወጪ አለው። በሚቀጥለው ዓመት በጀት ላይ መጀመሪያ ይህ ይጻፍ።