ማስተካከያ፦ በ1999 ዓ.ም. በአፋር የታገቱት ሁሉ አብረው አልተለቀቁም

ሰሞኑን በድሬዳዋ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጾች በስፋት የተጋራ አንድ ጽሑፍ፣ በየካቲት 1999 ዓ.ም. በአፋር ክልል የታገቱት አውሮፓውያንና ኢትዮጵያውያን በአንድ ቀን እንደተለቀቁ መግለጹ ትክክል አይደለም። በወቅቱ የወጡ የዓለም አቀፍ ዜና ወኪሎች ዘገባዎች እንደሚያሳዩት፣ አምስቱ አውሮፓውያን በመጋቢት ወር ተለቀው አስመራ ወደሚገኘው የብሪታንያ ኤምባሲ ሲደርሱ፣ አብረዋቸው የተወሰዱት ስምንት ኢትዮጵያውያን ግን እስከ ሚያዝያ ድረስ በእገታ ቆይተዋል። ስህተቱ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም፤ የአውሮፓውያኑ መለቀቅ የዓለም ዋና ዜና ሲሆን የኢትዮጵያውያኑ በአጭሩ ታልፏልና፣ ለብዙ ሰው ጉዳዩ በመጋቢት የተዘጋ መስሎታል። የተጋራው ጽሑፍ ይህንኑ ክስተት መገናኛ ብዙኃን ለአውሮፓውያንና ለኢትዮጵያውያን እኩል ሽፋን የሰጡበት ምሳሌ አድርጎ ስላቀረበው፣ የመለቀቂያው ጊዜ ሲታረም ድምዳሜውም ይገለበጣል፤ ስለዚህ ጽሑፉን ያጋራችሁ ሁሉ ይህን ማስተካከያ ከሥሩ እንድታያይዙ በአክብሮት እንጠይቃለን።