ልጄ ከማን ጋር ትማር?

አካል ጉዳተኛ ልጅ ለራሱ ጥሩ ግምት የሚይዘው በልዩ ክፍል ነው ወይስ በመደበኛው? ጎንደር ውስጥ የአዘዞ እናትና ዓይነ ስውር መምህር ተከራክረውበታል።

እናት፦ ልጄ አትሰማም። ሁለት ዓመት መደበኛ ክፍል ተቀመጠች። መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ ሲያስረዳ እሷ የጎረቤቷን ደብተር ትገለብጣለች። ጽሕፈቷ ያምራል፤ የጻፈችውን ግን አታውቀውም። ቤት ስትገባ መስተዋት ፊት ቆማ እንደ ክፍል ጓደኞቿ አፏን ታንቀሳቅሳለች። አንጀቴ ቁርጥ ይል ነበር። መስማት የተሳናቸው ልጆች ወዳሉበት ልዩ ክፍል ካዛወርኳት ወዲህ እጇ አያርፍም፤ በምልክት ቋንቋ ትቀልዳለች፣ ትጣላለች፣ ታኮርፋለች። የሥነ ልቦና ምሁሩ ሊዮን ፌስቲንገር በ1954 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው ሰው ችሎታውን የሚመዝነው ከሚመስሉት ጋር እያነጻጸረ ነው። ልጄም የሚመስሏትን ያገኘችው እዚያ ነው።

መምህር፦ እህቴ፣ ጥፋቱ የክፍሉ ነው ወይስ ምልክት ቋንቋ የማያውቀው መምህር? እኔ የተማርኩት ዓይናማ ልጆች መሀል ነው። በጣት እየተዳሰሰ በሚነበበው ብሬል ስጽፍ ወረቀቱ ጠቅ ጠቅ ሲል መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። ኋላ ግን አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ሰሌዳውን እያነበበልኝ፣ እኔ ሒሳቡን እያስረዳሁት አብረን አለፍን። ዛሬም ፒያሳ ላይ ሲያገኘኝ «ቡና ጋብዘኝ» ነው የሚለኝ። ለብቻዬ ቢያስተምሩኝ ኖሮ እንዲህ የሚዳፈረኝ ጓደኛ ከየት አገኝ ነበር? ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 24 አካቶ ትምህርትን፣ ማለትም አካል ጉዳተኛው ከሌሎች ጋር አብሮ መማሩን ይደነግጋል።

እናት፦ አንቀጹን እስከ መጨረሻው ያንብቡት እንጂ! ምልክት ቋንቋ መማርን፣ መስማት የተሳናቸውን ማኅበረሰብ የቋንቋ ማንነት ማሳደግንም ይላል። ቋንቋ ደግሞ የሚያወራ ሰው ይፈልጋል። ለእርስዎ ጓደኛዎ አነበበልዎ፤ እርስዎ ይሰማሉ። ለልጄ ማን በእጁ ያንብብላት?

መምህር፦ ይሄስ እውነት ነው፤ አለማየትና አለመስማት አንድ አይደሉም። የምፈራው ከልዩ ክፍሉ በኋላ ያለውን ነው። ጥምቀት ላይ ታቦት አጅበን ቀሃ ስንወርድ ከሰፈሩ ልጆች ማን ያናግራታል? ቢያንስ እረፍትና ስፖርት አብረው ይሁኑ፤ የሚሰሙትም ምልክት ይማሩ።

እናት፦ የሚሰሙት ይማሩ ካሉማ አልጣላዎትም። ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ልጅ በራችን ላይ ቆሞ የልጄን ስም በእጁ ጠራ። ያስተማረችው እሷ ናት። እሷስ ከየት ያመጣችው ይመስልዎታል? ከልዩ ክፍሏ ነው።