ነጻ ነው የሚሉት ጌም

ፎርትናይትን ማውረድ ነጻ ነው ይላሉ። እሺ፣ ከዚያስ? ጌሙ ውስጥ የሚሠራው ቪ-ባክስ የሚባል፣ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ የራሱ ገንዘብ ነው። ለዓመታት ትንሹ የሚሸጥ ጥቅል 1,000 ቪ-ባክስ ነበር፤ ልጆች የሚመኙት የገጸ ባሕርይ ልብስ ደግሞ ብዙ ጊዜ 1,200። ስለዚህ ልጁ ሁለተኛ ጥቅል ይገዛ፣ ይተርፈው፣ የተረፈው እንዳይባክን ሌላ ይገዛ ነበር። ልብሱ ለማሸነፍ ምንም አይጨምርም እኮ! ግን ያልገዛ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ይሸማቀቃል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

በ2022 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ ተጫዋቾችን ሳያስቡት የሚያስገዛ አሠራር ዘርግቷል ብሎ የፎርትናይትን ሠሪ ኤፒክ ጌምስን ከሰሰ። ኩባንያውም ለደንበኞች መመለሻ 245 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ክሱ እንደሚለው ያልፈቀደውን ክፍያ በባንኩ በኩል የተቃወመ ሰው አካውንቱ ይዘጋበት ነበር፤ የከፈለበት ሁሉ አብሮ! ገንዘብህንም ወስዶ፣ ለምን ስትል በሩን ይዘጋብሃል?