አፕዴቱ ከማን ፓኬጅ ይቆረጣል?

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አካባቢ ካለ ኮፒ ቤት ወረቀት ላሳትም ገብቼ ነበር። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ለአማካሪዋ በኢሜይል ልትልክ ላፕቶፗን ከፍታለች። ኢንተርኔቱ ከስልኳ ሆትስፖት ነው። ፋይሉ ግማሽ ሳይደርስ ፓኬጇ ማለቁን የሚነግር መልእክት ገባ። «አሁን እኮ ነው አንድ ጊጋ የገዛሁት!» አለች። ባለሱቁ ላፕቶፑን ዞር አድርጎ አየና «አፕዴት እያወረደብሽ ነው እህቴ» አላት። እሷ ምንም አልነካችም። የጠየቃትም የለም።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። አፕዴትን ሳይጠይቅ ማውረድ ኮምፒውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የመጣ ምርጫ ነው። ምርጫውን ያስቀመጡት ሰዎች ዋይፋይ ሲባል የሚታያቸው ቢጠቀሙበት የማያልቅ መስመር ነው። ዊንዶውስን ብንወስድ፣ በሲም ካርድ የሚገባውን ኢንተርኔት በራሱ ቆጣቢ ሆኖ ይይዘዋል። ዋይፋይን ግን እኛ ካልነገርነው እንደዚያ አያየውም። ሆትስፖት ደግሞ ለላፕቶፑ ያው ዋይፋይ ነው። ጣና ዳር ካፌ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ አንድ ላፕቶፕ አፕዴት ከጀመረ የሌላው ሁሉ ስልክ ይንቀራፈፋል።

ብዙ ሰው መፍትሔው «አጥፋው በቃ» ይመስለዋል። ይህ ምክር ያስፈራኛል። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሳይቀር ሥራ አስፈትቷል። ቫይረሱ የገባበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ግን ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው።

ስለዚህ አፕዴት ይቅር አልልም። የደኅንነቱ ለብቻው፣ አነስ ብሎ ይምጣ። ሌላው ግን ስንት ሜጋባይት እንደሚበላ ነግሮ ይጠይቀን። የሌሊት ፓኬጅ ያለው ሰው ሌሊት ያወርደዋል፣ የቸኮለ ለነገ ያሳድረዋል። ይህ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ መሆን አለበት። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መፈለግ የሚችለውማ ድሮም ራሱን ያድናል። የሚጎዳው የማያውቀው ነው፤ በሜጋባይት የሚከፍለውም እሱ ነው።

እስከዚያው በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ፣ ቀጥሎ ዋይፋይ ግቡ። የሆትስፖታችሁን መረጃ ስትከፍቱ «ሜተርድ ኮኔክሽን» (በመጠን የሚቆጠር መስመር) የሚል ቁልፍ አለ። አብሩት። የሚሠራው ለዚያ ሆትስፖት ብቻ ነው፤ በሌላ ሰው ስልክ ስትገቡ እንደገና ማብራት ያስፈልጋል።

የተማሪዋ ጽሑፍ በመጨረሻ በባለሱቁ ሆትስፖት ሄደ። ከመላኩ በፊት ግን ያችን ቁልፍ አበራላት።