ሚዛን የማይደፋ ፌስታል

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ቆራሌ ማን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «ቆራሌው!» እያለ ይዞራል። ብረት ይገዛል፣ ጀሪካን ይገዛል፣ ባዶ ሃይላንድ ይገዛል። ፌስታል ግን ዞር ብሎም አያይም። እውነቱን ነው። አንዱ ፌስታል ከ5 እስከ 6 ግራም ቢመዝን ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት ወደ 180 ፌስታል መልቀም አለበት። ማን ይከፍለዋል?

አሁን የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እዚህ ፌስታል የሚለቅሙት ጡረተኞች፣ ተማሪዎችና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። በነጻ። የእኛም ማኅበር አንዱ ነው። ዊንቸስተር ከተማ ያለው ትሬክስ የተባለው ኩባንያ ፌስታሉን ከሰጋቱራ ጋር ቀላቅሎ ጣውላ የመሰለ የበረንዳ ወለል ያመርታል። በ12 ወር ውስጥ 1,000 ፓውንድ ለሰበሰበ ማኅበር አንድ አግዳሚ ወንበር ይሰጣል። 1,000 ፓውንድ ወደ 450 ኪሎ ነው። በፌስታል ሲቆጠር 80 ሺህ ገደማ ይሆናል።

«ቤታችን በር ላይ ያለው የሪሳይክል በርሜል ምን ሠራ?» የሚሉ አሉ። በርሜሉ ውስጥ የገባ ፌስታል መለያው ማሽን ላይ ይጠመጠማል። ከዚያ ማሽኑ ይቆምና ሠራተኞች በቢላ እየቆረጡ ያወጡታል። ስለዚህ ለብቻው መሰብሰብ አለበት።

ከባዱ ግን መሰብሰቡ አይደለም፣ ማድረቁ ነው። እርጥብና ቆሻሻ ከሆነ አይቀበሉትም። የእንጀራ ላስቲክን አስቡት። እንጀራው ሳይበርድ ይታሸግና ላስቲኩ ውስጡን ያልበዋል፤ ፍርፋሪው ጥግ ጥጉ ላይ ይጣበቃል። ይታጠባል፣ ይገለበጣል፣ እንደ ካልሲ ገመድ ላይ ይሰጣል። ባለቤቴ «ቤቱን ላውንደሪ አስመሰልከው» ትለኛለች። ደግሞ ሁሉም ላስቲክ አይገባም። በአውራ ጣት ሲገፉት የሚለጠጠው ይገባል፤ እንደ ቺፕስ ከረጢት ኮሽ ኮሽ የሚለው አይገባም።

በነጻ መሥራታችን አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በአንድ ፌስታል 5 ሳንቲም ግብር ያስከፍላሉ። ሕጉ ገንዘቡ ለጽዳት፣ ብክለትን ለመቀነስና ስለ አካባቢ ለማስተማር ይዋል ይላል። ታዲያ ፌስታሉን አጥቦ፣ አድርቆ፣ መዝኖ በራሱ ነዳጅ ለሚያደርስ ማኅበር በፓውንድ ትንሽ ቢከፈለውስ? ቢያንስ ማስጫና ሚዛን ይገዛበታል። ቆራሌው ጀሪካን የሚገዛው ዋጋ ስላለው ነው። ፌስታል ዋጋ የለውም፤ ዋጋ ልንሰጠው የምንችለው እኛ ነን፣ ገንዘቡም እጃችን ላይ አለ።

«ገንዘብ ከገባበት በጎ ፈቃድነቱ ይጠፋል» ይሉኛል። ዕድራችን በየወሩ መዋጮ ይሰበስባል፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል የሚሯሯጠው ግን አልጠፋም።

«ፌስታሉን ከነጭራሹ መከልከል ነው» የሚሉም አሉ። ኢትዮጵያ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክላለች፤ ይበል ብያለሁ። ግን ፌስታል ቢቀር እንኳን የዳቦው፣ የእንጀራው፣ የውሃ ካርቶኑ መጠቅለያ ላስቲክ አይቀርም።

የእኛ ማኅበር ገና 300 ፓውንድ ላይ ነው። የእንጀራ ላስቲክ የምታመጡልን ወገኖች፣ እባካችሁ ፍርፋሪውን አራግፉልን።